ላስቲክ የሸተተው ቡና

«ይሄ ቡና ላስቲክ ላስቲክ ይላል» አሉ እማማ፣ አንዴ ፉት ብለው ሲኒውን ረከቦቱ ላይ እየመለሱ።

ሐምሌ ነው፤ ቦንጋ በገባን ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ። ቡናው ከጓሯቸው ተለቅሞ፣ በእጃቸው ተቆልቶ፣ በእጃቸው የተወቀጠ ነው። እኔ ሁለት ሲኒ ጠጥቼ ምንም አልታወቀኝም። እማማ ጀበናውን አሸተቱና «እሱስ ደህና ነው» አሉ። ቀጥለው የእንስራውን ክዳን ከፍተው አሸተቱ። ውስጡ ያለው ያን ቀን ቀትር ላይ ከጓዳ ቧንቧቸው የቀዱት ውሃ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ጠፍቶበት ሳለ የእሳቸው ቧንቧ ቀጠን ብሎ ሲወርድ አይተው «ተመስገን፣ ዛሬስ አልጨከነችብኝም» ሲሉ ሰምተናቸው ነበር።

«ውሃው ነው» አሉ።

አጎቴ በአክብሮት አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። እሱን ያሳሰበው ሌላ ውሃ ነበር። ሌሊቱን መኪናችን ሥር ኩሬ ተኝቶ አድሯል፤ ከኩሬው የተነሳ ቀጭን ጅረትም ቀዩን አፈር እየቦረቦረ የእማማ እንሰት ሥር ገብቷል።

ስለ መኪናው ልንገራችሁ። አጎቴ ዕድሜውን በሹፍርና የጨረሰ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ ገዝቶ ወንበሮቹን ነቀለና ቤት ሠራበት። አልጋ፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ ባለመጋረጃ ሻወር፣ አልጋው ሥር ደግሞ 200 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንከር አለው። ፈረንጅ ሞተርሆም የሚለው ነው፤ እኛ «ቤቱ» እንለዋለን። ውሃ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። ጉዞ ላይ ሲሆን አንዲት የ12 ቮልት ፓምፕ ከታንከሩ እየሳበች ለቧንቧዎቹ ትሰጣለች። ግቢ ውስጥ ሲቆም ደግሞ ጎኑ ላይ ባለች አፍ የውሃ ጎማ ይሰካና የከተማው ውሃ በራሱ ጉልበት ቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ ይገባል። ያኔ ፓምፗ ትተኛለች፤ ታንከሩም አይነካም። ቢያንስ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነበር። ታንከሩ ከሞላ ትርፉን የሚያፈስባት፣ አየርም የሚተነፍስባት ቀጭን ቱቦ ወለሉን በስታ ወደ መሬት ትወርዳለች።

ከአዲስ አበባ በጅማ አድርገን፣ ጎጀብን ተሻግረን ነው የመጣነው። አጎቴ በወጣትነቱ በዚህ መስመር ቡና ይጭን ነበር፤ ሲመሽበት የሚያድረው እማማ ቤት ነበርና እንደ እናቱ ናቸው። ለዓመታት ሲያወራልኝ የኖረውን ጫካ ሊያሳየኝ ነበር ያመጣኝ። ቡና ማንም ሳይተክለው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅልበትን፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የካፋ የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ የመዘገበውን ጫካ። ባርታ ፏፏቴንም ልናይ አቅደን ነበር። አምስት ቀን ሙሉ ያየነው ግን ከአንዲት ጣት ከማትወፍር ቱቦ የሚወርድ ውሃ ነው።

በገባንበት ምሽት የተከሰተውን በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱ ቶሎ ተገኝቷልና። ዕቃ ሳጥብ የሻወሩ ወለል ቡና አተላ በያዘ እጣቢ ተሞላ። የፈሰሰው ከዕቃ ማጠቢያው ነው፤ ብቅ ያለው ግን እግር መታጠቢያው ላይ። የእጣቢ ታንከሩ መውጫ በኋላ በኩል ነው፤ መኪናው ደግሞ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ ደፍቶ ቆሟል። ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ለጥ ያለ መቆሚያ በቀላሉ አይገኝም። እጣቢው ወደ ፊት ተኝቶ መውጫውን ሳያገኝ ቀረና ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው ወደሆነው ወደ ሻወሩ ተመለሰ። የፊት ጎማዎቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አግብተን መኪናውን አስተካከልን፣ እጣቢውን አፈሰስን፣ አተላ ወደ ማጠቢያ እንዳይደፋም ተስማማን። ተኛን። ጠዋት ስንነሳ ኩሬው ጠበቀን።

ካፋ ውስጥ በሐምሌ መሬት ላይ ውሃ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ዝናቡን ነው። እኛም ዝናቡን ከሰስን። የዚያኑ ቀን ምሽት ግን አጎቴ ከእማማ ምድጃ አንድ ቁና አመድ ለምኖ መኪናው ሥር በሙሉ በተነው፤ ዙሪያውንም ትንሽ ቦይ ቆፈረ። የዝናቡ ጎርፍ በቦዩ ይሄዳል፣ ከላይ የሚንጠባጠብ ካለ አመዱ ይመሰክራል። ጠዋት አመዱ እንደተበተነ ደረቅ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ፣ የማፍሰሻዋ ቱቦ ሥር፣ ተቦርቡሮ ቦይ ሆኗል።

ስለዚህ ከታንከሩ ነው። «አብዝተን ሞልተነው ነዋ» አለ አጎቴ፣ ሲገላገል። ውሃውን ግማሽ እስኪሆን አፈሰሰው። ታንከሩ ጎን ላይ የውሃውን ልክ የምታሳይ ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ አለች፤ ግማሹ ላይ በከሰል አሰመርኩ። ማንም ወደ ታንከሩ ውሃ አልጨመረም፣ ክዳኑም ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ታንከሩ አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ቱቦዋም መሬቱን እያጠጣች አገኘናት።

ግማሽ ታንከር 100 ሊትር ነው። 100 ሊትር ውሃ በሌሊት መጥቶ ተኝቶብናል። በዚያው ቀን ቀትር ላይ አጋጣሚ ሆኖ የልክ ቱቦዋን ሳያት ደግሞ ውሃው ከሞላበት በአራት ጣት ዝቅ ብሏል፤ እኛ ግን ከታንከሩ አልተጠቀምንም፣ ማፍሰሻዋም ደርቃለች። ለአጎቴ ነገርኩት። «ሌሊት ይሞላል፣ ቀን ይጎድላል» አለና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረ ሰው እንደዚያ ግራ ሲጋባ አይቼው አላውቅም።

ሦስተኛውን ሌሊት አብረን ለማደር ወሰንን። ውሃውን እንደገና ግማሽ አድርሰን፣ በየሰዓቱ በከሰል ምልክት ላደርግ። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ምልክቱ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ከታች ከእማማ ቤት የወይራ ጭስ ይሸታል። ከ4 ሰዓት በኋላ ምልክቱ ተነሳ። 5 ሰዓት ላይ አንድ ጣት። 6 ሰዓት ላይ ሌላ። ፓምፗ ኤሌክትሪኳ ተነቅሏል፤ ልሥራ ብትልም አትችልም። ታንከሩ ግን ይሞላል።

እኔ ነርስ ነኝ። የልብ ማዳመጫዬ ከቦርሳዬ አይለይም። ለምን እንዳወጣሁት በትክክል አላስታውስም፤ ምናልባት በሌሊት ዝም ያለ ነገር አጠገብ ተቀምጬ መጠበቅ ስለለመድኩ ይሆናል። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ታንከሩን ነካሁት፤ የዝናቡ ድምፅ ብቻ። ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቱቦ ይዤ ቀስ በቀስ ወደ ፓምፗ ሄድኩ። ሹክሹክታ የመሰለ ነገር መጣ። ፓምፗን አልፌ፣ ውሃ ወደ ቧንቧዎቹ በምትሰጥበት በኩል ካለች ቡጢ የምታክል የነሐስ ዕቃ ላይ ሳደርገው ሹክሹክታው ጠነከረ። ሽሽሽሽ ይላል፣ ሳያቋርጥ።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ልብ አራት በሮች አሉት፤ ጤነኛ በር ሲዘጋ ጥርቅ ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ ፀጥታ ነው። በሕፃንነቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ ታሞ ሳይታከም የቀረ ልጅ አንዳንዴ በሮቹ ይጎዳሉ፣ ጥብቅ ብለውም አይዘጉም። ያኔ ወደ ፊት መሄድ ያለበት ደም በክፍተቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፀጥታ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ሹክሹክታ ይሰማል። በአገራችን ሆስፒታሎች ይህን ድምፅ የሰማ ነርስ ብዙ ነው።

«አጎቴ፣ ይህቺ ምንድን ናት?»

«እሷማ ውሃ ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ ናት። ከፓምፗ ይወጣል፣ አይመለስም።»

«እየተመለሰ ነው» አልኩት። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረግሁለት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ታንከሩ ሞላ፤ ቱቦዋም ማፍሰስ ጀመረች። በአምስት ሰዓት 100 ሊትር። ጠዋት ሳሰላው በ12 ሴኮንድ አንድ ሲኒ ቡና የሚሞላ ጭራሮ የምታህል ውሃ ነው። እንዲህ ያለው ቀዳዳ በዓይን አይገኝም።

አራተኛ ቀን ጠዋት እማማ ከሰፈሩ አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ አስጠሩልን። ያየነውን ሁሉ ነገርነው። መጀመሪያ ምንም አልፈታም። የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ አውራ ጣቱን አፉ ላይ ደገፈ፤ ውሃው እንደምንም ከጣቱ ጎን ተንጠባጠበ። «ሲስተር፣ ሌሊትስ እንዲህ ነው የሚወርደው?» አለኝ። አላየሁም። «ሌሊት ጣት አያቆመውም» አለ።

ምክንያቱን ሲያስረዳን በጣም ደስ አለኝ፤ ማንም እንዲህ አጥርቶ ነግሮኝ አያውቅም። ቀን ሁሉም ቤት ይከፍታል፤ ውሃው እየሮጠ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል። ሌሊት ሁሉም ዘግቶ ሲተኛ ውሃው ይቆማል። የቆመ ውሃ ጉልበት አያባክንም፤ ከኮረብታው ማጠራቀሚያ ጀምሮ ያለው ቁመት በሙሉ እያንዳንዱ ቤት በር ላይ ይጫናል። 10 ሜትር ቁመት 1 ባር ነው፤ 40 ሜትር ቁልቁለት ላይ ያለ ቤት በሌሊት 4 ባር ይሸከማል ማለት ነው። የግቢው ጎማ ደግሞ ያንን ጫና ቀጥታ መኪናችን ሆድ ውስጥ አድርሶታል። ቀን ያልታየችው ክፍተት ሌሊት የተከፈተችው ለዚህ ነው።

ጎማውን ዘግቶ ቫልቯን ፈታት። ውስጧ አንዲት ክብ ጎሚኒ በስፕሪንግ ተደግፋ መቀመጫዋ ላይ ትቀመጣለች። በጎሚኒውና በመቀመጫው መካከል አንዲት የቃጫ ክር ተኝታለች፤ የጥፍር ቁራጭ እንኳ አታክልም። አጎቴ ሲያያት ፊቱ ጠየመ። ጅማ ስንደርስ መንገዱ ያላላውን አንድ መጋጠሚያ ፈትቶ፣ ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠምጥሞ መልሶ አጥብቆት ነበር። መጋጠሚያው ከፓምፗ በኋላ፣ ከቫልቯ በፊት ነው። ተርፋ የቀረችውን ክር ፓምፗ ገፍታ ወስዳ በሩ መሃል አስቀመጠቻት። ከዚያ በፊት «ቤቱ»ን ከከተማ ውሃ ጋር አገናኝተነው ስለማናውቅ በሩ ተፈትኖም አያውቅም።

ውሃ ሲገፋው የሚከፈት፣ ሲመለስ የሚዘጋ በር የሰው ልጅ በጣም የቆየ ዕውቀት ነው። በእስክንድርያ የኖረው ክቴሲቢዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሠራው ውሃ መግፊያ እንዲህ ባሉ በሮች ይሠራ እንደነበር ሮማዊው ቪትሩቪየስ ጽፏል። ያን ጠዋት ያቺን ጎሚኒ በመዳፌ ይዤ ሳያት ያ ሁሉ ዘመን በአንዲት ክር መቆሙ ገረመኝ።

ክሯ ወጣች፣ ቫልቯ ታጠበች፣ ተመልሳ ገባች። ማዳመጫዬን አደረግሁ፤ ፀጥታ። ሌሊቱን በየሰዓቱ እየተነሳሁ አየሁ፤ ከሰሉ ምልክት ላይ የቆመ ውሃ ንቅንቅ ሳይል አደረ። አጎቴ ጠዋት ባርታ እንሂድ አለ።

አምስተኛ ቀን ቀትር ላይ፣ ልንወጣ ጫማ ስናደርግ፣ የልክ ቱቦዋን ለመጨረሻ ጊዜ አየኋት። ውሃው ከምልክቱ ሦስት ጣት ወርዷል።

ከታች ከጓዳው የእማማ ድምፅ ይሰማል፦ «ዛሬም አልጠፋችም፤ ተመስገን!»

ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤቶቻቸው ጀሪካን ይዘው በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ይታያሉ። ውሃ ጠፍታለች። የእማማ ቧንቧ ግን ይወርዳል። «ቤቱ» የቆመው ከግቢው የላይኛው ጫፍ ነው፤ የእማማ ጓዳ ከታች። እኛ የተገናኘንበት ቧንቧና የጓዳቸው ቧንቧ ደግሞ አንድ መስመር ነው።

ወጣቱ በሮጠ ልጅ ተጠርቶ መጣ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ሲስተር፣ እንዳልሽው ከሆነ መጥፎ ነው። እናረጋግጥ።» አንድ ኪሎ ጨው አስመጣንና ታንከሩ ውስጥ አሟሟነው። ጥቂት ጠበቅን። እማማ ጓዳ ገብተው ቧንቧውን ከፈቱ፣ በመዳፋቸው ቀድተው ቀመሱ።

ትፍ አሉት። «ጨው!»

ያቺ የፈታናት ቫልቭ ውሃ ወደ ታንከሩ እንዳይመለስ ትከለክላለች እንጂ ከታንከሩ እንዳይወጣ አትከለክልም፤ መውጣቱማ ሥራዋ ነው። የከተማው መስመር ጉልበት ሲያጣ የእኛ ታንከር ከላይ ሆኖ በተኛችው ፓምፕ ውስጥ ሾልኮ፣ በጎማው አድርጎ ወደ ታች ወደ እማማ ጓዳ ይፈስ ነበር። እዚያ፣ ጎማው በሚሰካበት አፍ ላይ፣ ውሃ እንዳይመለስ የሚከለክል ሌላ በር መኖር ነበረበት። አጎቴ «ቤቱ»ን ሲሠራ ይህን አላወቀም፤ የነገረውም የለም። ሌሊት ላይ ጥፋቱ ያልዘጋ በር ነበር። ቀትር ላይ ግን በሩ ራሱ አልነበረም።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የታንከሩ መትረፍረፍ ወለል ያረጥባል፣ እንሰት ሥር ይገባል፤ ይደርቃል። የቀትሩ ግን ሌላ ነው። የእኛ ታንከር ንጹሕ ነበር። የጎማው ጫፍ የልብስ ዘፍዘፊያ ሳፋ ውስጥ ተጠልቆ ቢሆንስ? የእጣቢ በርሜል ውስጥ ቢሆንስ? መስመሩ ሲደርቅ ያንን ስቦ ይጠጣል፤ ከእማማ ጓዳም አልፎ ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። ተከስቶም ያውቃል። በ1933 እ.ኤ.አ. የዓለም ኤግዚቢሽን ለማየት ቺካጎ የገቡ እንግዶች ባረፉባቸው ሁለት ሆቴሎች ውስጥ የፍሳሽና የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች ተገናኝተው፣ የአሜባ ተቅማጥ ከ1,400 በላይ ሰው አሳሞ 98 ሰው ገደለ። በሽታው ብዙዎቹን ያገኛቸው ወደየከተማቸው ከተመለሱ በኋላ ስለነበር ምንጩን ማወቅም ጊዜ ወስዷል። ሥራዬ ሕሙማን አልጋ አጠገብ ነውና፣ ያቺን የጨው ጉርሻ ሳስብ አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል።

ወጣቱ ከገበያ ሌላ ቫልቭ ገዝቶ መጣ። ጎማው የሚሰካበት አፍ ላይ፣ ቀስቷ ወደ መኪናው እንድታመለክት አድርጎ ገጠማት። «ጋሼ፣ ቀስቷን ገልብጠው ቢገጥሟት እርስዎ ውሃ አያገኙም፣ የታንከሩም ውሃ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ ጨርሶ ከመተው አይሻልም» አለው አጎቴን። ሌሊት ሲሆን የግቢውን ቧንቧ እንድንዘጋ፣ አዲስ አበባ ስንመለስ ጫና የሚቀንስ ዕቃ እንድንጨምር፣ በቃጫ ፋንታም በእንዲህ ዓይነቱ መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን እንድንጠቀም፣ ቢያንስም ትርፉን ክር ቆርጠን እንድንጥል ነገረን። ጨዋማውን ውሃ አፍስሰን ታንከሩን ሦስት ጊዜ አጠብነው። በማግስቱ ቀትር ውሃ ጠፋች፤ የእማማም ቧንቧ እንደ ሰፈሩ ደረቀ። እኔ ደስ አለኝ፣ እሳቸው አልተደሰቱም።

አጎቴ አምስት ጀሪካን ከምንጭ አስቀድቶ ጓዳቸው አኖረላቸው። ከዚያ እግራቸው ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቃቸው። «እማማ፣ ያን ቀን ላስቲክ ይላል ሲሉ መስማት ነበረብኝ።»

«ተነስ፣ ልጄ። ውሃ መቼም ባለቤት የለውም» አሉት።

እንስራውን ግን በዚያ ቀን ውሃ አልቀዱበትም። አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ አፉን ደፍተው አሳደሩት። በማግስቱ ቡና ሲፈላ ተጠራን፤ ዝናቡ አባርቶ ጫካው ከሩቅ በጉም ይጨሳል። አቦሉን ቀምሰው «ትንሽ ይቀረዋል» አሉ። በሚቀጥለው ቀን፣ ልንሄድ ጓዛችን ተጭኖ ሳለ፣ እንደገና ቀመሱ። ምንም አላሉም። ቶናውን ቀዱ።